ከጢስ ዓባይ ሥር ያደርንባት ሌሊት

ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ሁሉ ዓባይን ያውቀዋል፤ ባያውቀውም የሚያውቀው ይመስለዋል። እኔም ብዙ ዘመን በጂኦግራፊ መምህርነት የቈየሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ ካርታ ዘርግቼ የወንዙን መነሻና መድረሻ በዘንግ እያሳየሁ ስኖር፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልሁት ዓባይ በመሬት ላይ ካለው ዓባይ ጋራ አንድ መሆኑን ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ 22 ተማሪዎች ይዤ በጢስ ዓባይ ዳር ያደርሁባት አንዲት ሌሊት ግን፣ ያስተማርሁትን ያህል ያልተማርሁት እንዳለ አሳየችኝ።

ከዚያ ወዲህ በአገራችን ብዙ ነገር አልፏል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በደረሰው ችግር ምክንያት፣ በጎጃም መንገድ ላይ ልጆችን ሰብስቦ ለጉብኝት መውጣት የማይታሰብባቸው ወራት ብዙ ሆነዋል። ስለዚህ ያየነው ነገር ከልቡናዬ ሳይጠፋ ልጽፈው ወደድሁ።

የጉዞው ሐሳብ የመነጨው ከሩቅ አገር ከመጣ ደብዳቤ ነው። አስቀድሞ በእኔ እጅ የተማረ አንድ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ኖርዌይ ሄዶ ነበር። ከዚያም ስቫልባርድ ወደምትባለው የደሴቶች ምድር ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በሎንግየርብየን ከተማ በተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ጥቂት ወራት ተማረ። ከተማይቱ ከሰሜን ዋልታ የምትርቀው 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልጁ በመጋቢት ወር ከትምህርት ጓደኞቹ ጋራ በረጋ ባሕር ላይ ድንኳን ተክሎ ሦስት ሌሊት ማደሩን ጻፈልኝ። ደብዳቤውን በክፍል ውስጥ ሳነበው፣ «ባሕር ላይ» የሚለውን ቃል ተማሪዎቹ የስሕተት መስሏቸው ሳቁ። እኔም ዘንጌን አንሥቼ ማስረዳት ጀመርሁ፤ የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት የሚረጋው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ በዚያ አገር በክረምቱ ወራት ፀሐይ ፈጽማ ስለማትወጣ ብርዱ ከዚህ እጅግ ያልፋል፤ ስለዚህ ባሕሩ እንደ ሜዳ ይጠነክራል፤ መጋቢት ሲመጣ ብርሃኑ ይመለሳል፣ በረዶው ግን ገና አልሳሳም፤ ለተማሪዎች ጉዞም የሚመረጠው ጊዜ ይኸው ነው።

ልጆቹን ይበልጥ ያስደነቃቸው ግን የአዳሩ ሥርዐት ነበረ። ድንኳን ከመተከሉ አስቀድሞ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተው ውፍረቱን ይለኩታል፤ ጥቂት ተራምደውም እንደገና ይበሱታል። አንድ ስፍራ ወፍራም የሆነው በረዶ ከሥሩ በሚያልፈው የውኃ ሞገድ ምክንያት ከጥቂት እርምጃ በኋላ ሊሳሳ ይችላልና። በድንኳኖቹ ዙሪያ ገመድ ይዘረጋሉ፤ ነጭ ድብ መጥቶ የነካው እንደ ሆነ ርችት ይተኩስና ያስደነግጠዋል። በዚህም አይበቃቸውም። ሌሊቱን በሙሉ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ይጠብቃሉ። «ዘብ የቆመ ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠውም፤ መጽሐፍ አያነብም፤ ሥራው ዙሪያውን ማየትና መስማት ብቻ ነው» ብሎ ጽፎልኛል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቃል በዚያን ቀን ሳላስተውለው አለፍሁት። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በሰው ሠራሽ ጨረቃ ሲለካ የኖረው የሰሜን ባሕር በረዶ፣ በ2012 በመስከረም ወር 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አንሶ አያውቅም። ስለዚህ በዚያ ያለ ሰው «አምና እዚህ አድሬ ነበር» ብሎ ዘንድሮ ድንኳኑን አይተክልም። ሳይለካ የሚያድር የለም።

ደብዳቤው እንዳለቀ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አነሣችና፣ «መምህር፣ ሰው በባሕር ላይ ካደረ እኛ በገዛ ወንዛችን ዳር ማደር እንዴት ያቅተናል?» አለችኝ። ጥያቄው ለጥቂት ቀናት ሰላም ነሣኝ።

ከቡሬ 17፣ ከፍኖተ ሰላም 5 ልጆች ተመዘገቡ፤ ወንዶቹ 14፣ ሴቶቹ 8 ነበሩ። ከእኔ ሌላ አንድ መምህርና ለሴቶቹ የምትሆን አንዲት መምህርት አብረውን እንዲሄዱ ፈቀዱ። ድንኳኑን ከሚያውቁን ሰዎች በውሰት አገኘን። ከትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሁለት ትልልቅ ድስቶችን በፊርማዬ ተቀበልሁ፤ ስለ ድስቶቹ ኋላ እመለስበታለሁ። እናቶች በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተቆላ ሽምብራ አዘጋጁ። ከእናቶቹ አንዲቱ ግን ስንቁን ካስረከበችኝ በኋላ ወዲያው አልሄደችም። ልጁ አንድ ለእናቱ ነው። «መምህር፣ ሌሊት ማን ይጠብቃቸዋል?» አለችኝ። በተራ እንደምንጠብቅ ነገርኋት። «እንግዲያው በአደራ ነው የምሰጥዎ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ይህን ቃል በማንም ደረሰኝ ላይ አልፈረምሁበትም፤ ነገር ግን ከድስቶቹ ይልቅ የከበደኝ እርሱ ነበረ።

ሐሙስ ጥር 23 ቀን ማለዳ ከቡሬ ተነሣን። ቡሬ ከመንገደኛ የሚሰወር ታሪክ የላትም፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ፣ አርበኞቹና የእንግሊዙ መኰንን ዊንጌት የሚመራው ጦር ጠላትን ወደ ደብረ ማርቆስ የገፉት በዚህች በኩል ነው። ልጆቹ ግን በዚያ ጧት ለታሪክ ጆሮ አልነበራቸውም፤ መኪናው ቲሊሊ ሳይደርስ ዳቦ ቆሎውን ጀመሩት። በዚህም ሳቢያ የመጀመሪያውን ቅጣታቸውን ተቀበሉ። ከቲሊሊ ተገንጥለን በሰከላ በኩል ግሽ ዓባይ በደረስን ጊዜ፣ ወደ ጠበሉ የሚገባው ያልቀመሰ ሰው ብቻ መሆኑን አገልጋዮቹ ነገሩን። ከ22ቱ ያልቀመሱ 6 ብቻ ተገኙ። የቀሩት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ገብተው የሚወጡትን ጓደኞቻቸውን በቅናት ሲመለከቱ ማየት የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነበረ። እኔም በቡና ምክንያት ከቀሩት ወገን ነበርሁ።

ግሽ ዓባይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ በጥር እንኳ ጥላው ይበርዳል። ከዚያ የሚመነጨውን ውኃ በእግር ተሻግሮ ማለፍ ይቻላል፤ ይህ ነው እንግዲህ የግዮን መጀመሪያ። የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ነገር ከልጆቹ ብዙዎቹ ከቤታቸው ሰምተውት ነበር፤ ጻድቁ ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲጠሩትም ወንዙ መጻሕፍቱን ሳይርሱ መለሰላቸው። እኔ ደግሞ ስለ ፈረንጆቹ ነገርኋቸው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የእስፓኝ ካህን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1618፣ የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስም በ1770 ከዚህ ስፍራ ደርሰዋል። ብሩስ ከእርሱ በፊት የደረሰ አውሮፓዊ የለም ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። አንዱ ልጅ፣ «ከዚያ በፊት የሰከላ ሰው ከየት ይቀዳ ነበር?» አለኝ። ለዚህ መልስ አላስፈለገውም።

ከሰከላ ወርደን ወደ ዋናው መንገድ ተመለስን። እንጅባራን፣ ዳንግላንና ዱርቤቴን አልፈን ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይን በድልድይ ተሻገርን። ጧት በአንድ እርምጃ የሚታለፍ የነበረው ውኃ በዚህ ስፍራ ወንዝ ሆኗል። ከመርዓዊ አጠገብ የቆጋን ግድብ የመስኖ ቦዮች አየን፤ ያ ሁሉ አረንጓዴ በበጋ ማየት ደስ ያሰኛል። ማታ ባሕር ዳር ገብተን አደርን። በነጋታው ማለዳ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ጨረጨራን ከሩቅ አሳየኋቸው። ከሽማግሌዎች እንደሚነገረው ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀለው አልፎ ይሄዳል። ይህን ለመለካት የሚችል መሣሪያ አልያዝንም፤ ነገር ግን በጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራውን በር ማየት ለሚመጣው ነገር ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሐይቁ ወደ ወንዙ የሚወጣው ውኃ በሰው እጅ የሚለካ ሆኗልና።

ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አቧራው ግን ከዚህ የሚበልጥ አስመስሎታል። ከከተማይቱ በእግር ወረድን። በጠባቡ ገደል ላይ የተዘረጋውን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ ተሻገርን። ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ በእንቁላል የተለወሰ ነው ሲባል ሰምተናል። አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ የስንት ዶሮ እንቁላል እንደሆነ ማስላት ጀምሮ፣ ጭንቅላቱን እያከከ ዳገቱን ወጣ።

ከዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ዝምታ ሆነ። እኔ ይህን ስፍራ በልጅነቴ ያየሁት በመስከረም ነበር። በዚያን ጊዜ ከ40 ሜትር የሚበልጠው ገደል፣ ወርዱ በሙላት ጊዜ እስከ 400 ሜትር የሚደርሰው፣ ሁሉ ውኃ ነበረ፤ ጢሱ ከሩቅ ይታይ፣ ገና ሳንደርስ ልብሳችንን ያረጥብ ነበር። አሁን ግን በሰፊው ጥቁር ገደል በአንድ በኩል ቀጭን ነጭ ውኃ ይወርዳል፤ የቀረው ዐለት ነው። ያች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወደ እኔ ዘወር አለችና፣ «መምህር፣ ጢሱ የት አለ?» አለችኝ። በመጽሐፏ ሽፋን ላይ ያለው ሥዕልና በፊቷ ያለው ነገር አልገጠመላትም።

እውነቱን ከመንገር በቀር ምን ይደረጋል? ከፏፏቴው በላይ ውኃውን ጠልፎ ከሥሩ የሚመልሰው የመጀመሪያው የመብራት ኀይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠራ፤ ኀይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር፤ ለፏፏቴው ብዙም አልጐዳውም። በ2001 ሁለተኛው፣ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ተጨመረ፤ ያን ጊዜ ጢሱ ሳሳ። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። እርሱ ውኃውን ከሐይቁ በስተ ምዕራብ በዋሻ አውጥቶ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚሰድደው፣ ያ ውኃ በጢስ ዓባይ ጭራሹን አያልፍም። ስለዚህ በክረምትና በመፀው ፏፏቴው ግርማውን ሲያገኝ፣ በበጋ እንዲህ ይቀጥናል። ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ አንዱ ልጅ፣ «ታዲያ ተሰረቅን ማለት ነው?» አለ። እኔ እንዲህ አይመስለኝም። ማታ በቡሬ መብራት ሲጠፋ ከሁሉ በፊት የምንጮኸው እኛው ነን፤ ጥናታቸውን በአምፖል ብርሃን የሚያጠኑ ልጆች ስለ ፏፏቴው ብቻ ቢያዝኑ ግብዝነት ይሆንባቸዋል። ሆኖም ያች ልጅ ያዘነችው ኀዘን ከንቱ ነው ለማለትም አፌ አልደፈረም። ሁለቱን ባንድነት መያዝ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። ወደ ፏፏቴው ሥር ስንወርድ፣ ከዐለቱ ፊት ለፊት ልስልስ ሣር የበቀለበት፣ ጥቂት አሸዋ የተነጠፈበት ሜዳ አገኘን። ነፋስ አይነካውም፤ ውኃ ቅርብ ነው፤ ፏፏቴውም ከድንኳኑ ደጅ ይታያል። ከዚህ የተሻለ ስፍራ አልታየኝም። ድንኳኑን እንዲተክሉ አዘዝሁ፤ ድስቶቹንም በጠጠሩ ላይ አስቀመጥን። ሦስተኛው ድንኳን ሲቆም አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ዋሉ አባቴ» አልናቸው።

«ምን ልትሠሩ ነው?»

«ልናድር ነው።»

«ባለቤቱን አስፈቅዳችኋል?»

የግጦሽ መሬታቸው መስሎኝ አፈርሁ። «ይቅርታ ያድርጉልን አባቴ፤ የርስዎ መሆኑን አላወቅንም» አልኋቸው።

«የእኔማ ቢሆን ምን ገዶኝ! ይህ የውኃው ቤት ነው። ለጊዜው ወጣ አለ እንጂ ቤቱን አልሸጠም።»

እኔም መምህር ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስለ በለስ፣ ስለ ዋሻው፣ ስለ በጋውና ክረምቱ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሲያበቃም፣ «ይህን እኔም ሰምቻለሁ መምህር። እኛ ግን ላይ በሩ ሲከፈት የምናውቀው በድምፁ ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ድምፅ አይሰማም። ልጆቹን ወደ ላይ ያውጡልኝ፤ ማሳዬ ጤፉ ታጭዶ ባዶውን ነው፤ እዚያ ይደሩ» አሉ። በዚህ ጊዜ ነበር ያ የሳትሁት የደብዳቤው ቃል ትዝ ያለኝ። ልጁ በሩቅ አገር በረዶውን ሳይለካ ድንኳን እንደማይተከል ጽፎልኝ ሳለ፣ እኔ በገዛ አገሬ የሣሩን ልስላሴ አይቼ ብቻ 22 ልጆች ላስተኛ ነበር። በደረቀው ወንዝ ላይ ማን መሰርሰሪያ ይዞ ይመጣል? መሰርሰሪያው እኒህ ሽማግሌ ነበሩ፤ ያውም ሳልጠራቸው መጡልኝ።

ልጆቹ አጉረመረሙ። የተተከለ ድንኳን መንቀልና ዳገት መውጣት የሚወድ የለም። እኔም ፊታቸውን አይቼ በግማሽ ልብ አዘዝሁ፤ ድንኳኑንና ስንቁን አውጥተን ድስቶቹን በዚያው ተውናቸው። ለእራት የሚበቃ ትንሽ ድስት ከሽማግሌው ቤት ተውሰን ነበርና፣ ትልልቆቹን ጧት ታጥበው ይነሣሉ አልሁ። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም።

ቀኑ ዓርብ ስለ ነበረ ሽሮ በላን። ጸሎት ከተደረገ በኋላ በባሕር ዛፍ እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ስለዚህ ወንዝ ተጓዦች አወጋኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዙ መኰንን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ጉዞ በጐማ ጀልባዎች የዓባይን ገደል ወርዷል፤ ከአባላቱ አንዱ ወታደር ሰጥሞ ቀርቷል። በ1972 ደግሞ አምስት ወጣቶች በትንንሽ ታንኳዎች መጡ፤ መሪያቸው ማይክ ጆንስ ገና የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በፓኪስታን በሌላ ወንዝ ውኃ ወሰደው። ይህን ስናገር የዚያች እናት ልጅ አገጩን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሰማኝ ነበር። ዓባይን የሚደፍሩት ዋና የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው ሳይገርመው አልቀረም፤ «ስለሚያውቁ ነው የሞቱት ወይስ ስለማያውቁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጧት እነግርሃለሁ አልሁት። እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።

ዘቡን እንደ ደብዳቤው አደረግነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሁለት ልጆች ለሁለት ሁለት ሰዓት ይነቃሉ፤ ከመምህራኑም አንዳችን አብረን እንነቃለን። ነጭ ድብ በሌለበት አገር የምንፈራው ጅብን ነበር፤ እርሱም ከሩቅ ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። የወሩ መጨረሻ ስለ ነበረ ሰማዩ ጨረቃ አልነበረበትም። ከዋክብቱ ግን በቡሬ መብራት ሥር ከምናያቸው እጅግ ይበዙ ነበር።

ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የእኔ ተራ አልፎ ገና ጋደም እንዳልሁ፣ ከዘቦቹ አንዷ ድንኳኑን ነካ ነካ አደረገች። ያችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። «መምህር፣ ድምፁ ተለወጠ» አለች። ወጥቼ ሰማሁ። ማታ እንደ ሹክሹክታ የነበረው ውኃ አሁን እንደሚፈጭ ወፍጮ ያጉረመርማል። ሁሉን አስነሥቼ በባትሪ ብርሃን መቍጠር ጀመርሁ። 21 ሆኑ። ደግሜ ቈጠርሁ፤ 21 ናቸው። የጐደለው ማን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ ልቤ ዐወቀው። ከእርስዋ ጋራ ዘብ የነበረው የዚያች እናት ልጅ፣ ድምፁን ሲሰማ «ድስቶቹ!» ብሎ ወደ ታች ሮጧል።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደ ወረድሁ አላውቅም። ባትሪዬን ባበራሁበት ስፍራ ሜዳው አልነበረም። ትናንት ድንኳን የተተከለበት ሣር ላይ ጥቁር ውኃ በጸጥታ እየተስፋፋ ይሄዳል። የሚያስፈራው ጸጥታው ነበር፤ ሙላት ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ ይመስለናል። ልጁ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ አንዱን ድስት በደረቱ አቅፏል፤ ሁለተኛው ከፊቱ ተንሳፍፎ እየተሽከረከረ ይሄዳል፤ እርሱም እጁን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ሊጨምር ነው። እኔ ስሙን ለመጥራት አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣልኝም። ከኋላዬ ግን የሽማግሌው ድምፅ መጣ፤ እርሳቸውም ውኃውን ሰምተው ወርደው ኖሯል። «ተው ልጄ! ድስት ይሂድ! አንተ ና!» አሉ። ልጁ ቆመ። ድስቱ አንድ ጊዜ ዞረና ከዐለቱ ጋራ ተጋጭቶ፣ እንደ ደወል ጮኾ ወደ ጨለማው ሄደ። ልጁ በቀስታ ወደ ኋላ እየረገጠ ሲወጣ፣ ሽማግሌው ዱላቸውን ዘርግተው ጐተቱት። ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት፤ አንድም የቍጣ ቃል አልተናገሩም። እኔ ልቈጣ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ድስቶቹን እዚያ ያስቀራቸው ማን እንደ ነበረ ሳስብ ዝም አልሁ። ወደ ላይ ወጥተን እንደገና ቈጠርሁ። 22።

ከዚያ በኋላ የተኛ አልነበረም። በነጋ ጊዜ ግን ማንም ሳይጠራን ሁላችንም ከማሳው ጫፍ ቆምን። ትናንት ዐለት የነበረው ገደል ግማሹ ውኃ ለብሷል። ከሥሩም ጢሱ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላም ቀስተ ደመናው ተዘረጋበት። ፊታችን ረጠበ። የጢሱን ነገር የጠየቀችኝ ልጅ ማስታወሻዋን ይዛ ወጥታ ነበር፤ ነገር ግን አንድም አልጻፈችም፤ ቆማ ታይ ነበር። ሌሊት ሊበላን የመጣውና ጧት ያስደሰተን ውኃ አንድ መሆኑን እያሰብሁ እኔም ብዙ ቆየሁ። ሽማግሌው እርጎ ልከውልን ነበር፤ ቀኑ ቅዳሜ ስለ ሆነ ልጆቹ በደስታ ጠጡት። በማሳው ላደርንበት ጥቂት ገንዘብ ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ። ከትምህርት ቤቱ ያወጣነውን ካርታ ግን ለልጅ ልጃቸው ወሰዱት። ሲዘረጋላቸው ጢስ ዓባይን ፈልገው አገኙና ጣታቸውን ጫኑበት፤ «ሜዳው አልተጻፈም» አሉ።

ቡሬ ከደረስን በኋላ የልጁ እናት ዘንድ ሄድሁ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም፤ ልጁም የሚናገር አይመስልም ነበር። የሆነውን ሁሉ ከሜዳው ምርጫ ጀምሬ ነገርኋት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያም ልጁን አይታ፣ እኔን አይታ፣ «የሄደው ድስት ብቻ ነው?» አለች። አዎን አልሁ። ገብታ ቡና አፈላችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ አልተለወጠም፤ ልጁን ግን ለሚቀጥለው ጉዞ አልመዘገበችውም። አልጠየቅኋትም።

የቀረው የድስቱ ነገር ነው። የንብረት ክፍሉ ሰው አንዱን ድስት ተረክቦ ለሁለተኛው ቅጽ ሰጠኝ። «ንብረቱ የጠፋበት ምክንያት» በሚለው ላይ «ዓባይ ወሰደው» ብዬ ጻፍሁ። እርሱም ሥራውን የሚያከብር ሰው ነውና መነጽሩን አስተካክሎ አነበበው፤ ሳይስቅ፣ «መቼ እንደሚመልስ አልተናገረም?» አለኝ። የአቡነ ዘርዓ ብሩክን መጻሕፍትም ለመመለስ ዓመታት መፍጀቱን ነገርሁት። ያን ሰምቶ ዋጋውን ከደመወዜ አልቈረጠብኝም። ድስቱ በመዝገቡ ላይ «በውሰት ያለ» ተብሎ ተጻፈ።